ቀይ ወይን በሰሜን ሸዋ ገበታ፦ አመራረጥ፣ አቀማመስ፣ አቀራረብና ከምግብ ጋር አጣማመር

ስለ ቀይ ወይን ሲነሣ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር «በክፍል ሙቀት ይቅረብ» የሚለው ነው። ምክሩ የተወለደው በቀድሞዎቹ የአውሮፓ ቤቶች ሲሆን በዚያን ጊዜ የክፍል ሙቀት ሲባል ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ያህል ማለት ነበር። ይህንኑ ምክር ሰሜን ሸዋ ላይ እንዳለ የሚከተል ሰው ግን ወይኑን ገና ሳይቀምሰው ያበላሸዋል። 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ የውርጭ ጧት ከመደርደሪያ የወረደ ጠርሙስ ከ10 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ በዚያው ዕለት ጣርማ በርን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት የወረደው መንትያው ደግሞ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ እንደ ተቀመጠ 28 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ደጋ ላይ የቀረበው መዓዛው ተዘግቶበት ጎምዛዛ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ቆላ የወረደው በበኩሉ የአልኮል ትነቱ አፍንጫ እየሰነፈጠ ፍሬው የተቀቀለ ይመስላል። ጠጪዎቹም በሁለቱም ቤት «ይህ ወይን አይረባም» ብለው ይነሣሉ።

በእኛ አካባቢ ጥሩ ቀይ ወይን ከሚታማባቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ ከሁለት ነገሮች ይመነጫሉ፤ አንዱ የቤቱ ሙቀት፣ ሌላው የገበታው በርበሬ ነው። ሁለቱንም ማስተካከል የሚቻል ስለሆነ፣ ይህ መመሪያ ከጠርሙሱ ምርጫ ጀምሮ የሚተርፈው ወይን እስኪከደን ድረስ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ሲያስረዳ በእነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጎ ይቆያል።

ደረጃ አንድ፦ ጠርሙሱን መምረጥ

የአንድ እርሻ ወይን የሚባለው ፍሬው የበቀለበት፣ የተጨመቀበት፣ የተብላላበትና የታሸገበት ቦታ አንድ የሆነ ወይን ነው። ከተለያየ ስፍራ ከተሰበሰበ ፍሬ የሚሠራ ወይን ከዚህ ያንሳል ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን መቅመስ ለሚለማመድ ሰው የአንድ እርሻው ይሻላል፤ ምክንያቱም አፈሩና ፀሐዩ ያው ስለሆነ የዘንድሮውን ከአምናው፣ አንዱን ዝርያ ከሌላው በትክክል ማነጻጸር ይቻላል።

በአገራችን ለዚህ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ዝዋይ በሚለው ስሟ ይበልጥ በምትታወቀው ባቱ የሚገኘው የካስቴል እርሻ ነው። የፈረንሳዩ ኩባንያ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ 1,600 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ወይን ተክሎ የመጀመሪያ ምርቱን በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበ ሲሆን፣ «ሪፍት ቫሊ» በሚል ስም የሚሸጡት ቀዮቹ ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን ናቸው። ቦታው ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ስለዚህ ተክሉ እንደ አውሮፓው በበረዶ ወራት አያንቀላፋም፤ መቼ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው የሚገርዘው ሰው ነው። ፀሐይ የጠገበ ፍሬ ስኳሩ ይበዛል፣ ስኳሩም ሲብላላ አልኮል ይሆናል፤ የሞቃት አገር ቀይ ወይን ከመጠን በላይ ሞቆ ሲቀርብ ቶሎ የሚያስታውቀውም በዚህ የተነሣ ነው።

ከሦስቱ ዝርያዎች ሜርሎ ለስላሳና ፍሬያማ ነው፤ ለጀማሪም፣ ቅመም ላለበት ገበታም ከሁሉ ይስማማል። ሲራ ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል፤ ለጥብስና ለጢስ የተፈጠረ ይመስላል። ካቤርኔ ሶቪኞን ግን ልጣጩ ወፍራም በመሆኑ ታኒን የሚባለው አፍ የሚያደርቀው ንጥረ ነገር ይበዛበታል፤ ያለ ሥጋና ያለ ስብ ብቻውን ሲጠጣ ይከብዳል። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርቶች ሁለቱን ከእነዚህ ጎን ማወቅም ይጠቅማል፤ ጉደር ጣፋጭነት የሌለው ቀይ ሲሆን፣ አክሱማይት ጣፋጭ ነው። አክሱማይትን የሚንቁ አሉ። እኔ አልንቀውም፤ ለምን እንደሆነ ዶሮ ወጡ ጋ ስንደርስ ይታያል።

በሱቅ ውስጥ ጠርሙሱን አንሥተው ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። የመጀመሪያው የወይኑ ልክ ነው፤ በጠርሙሱ አንገት ውስጥ መድረስ አለበት፤ ወደ ትከሻው የወረደ ከሆነ አየር ገብቶበታል። ሁለተኛው የአንገቱ ሽፋን ነው፤ የሚያጣብቅ ወይም ቀይ ጠብታ የደረቀበት ከሆነ ወይኑ በሙቀት ገንፍሎ በቡሹ ጎን ወጥቷል ማለት ነው። ሦስተኛው የቆመበት ቦታ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በመስኮት በኩል ለማሳያ የቆመውን ጠርሙስ ይተዉና ከጓዳ እንዲያመጡልዎ ይጠይቁ፤ ቀን በፀሐይ እየጋለ ሌሊት በውርጭ የሚቀዘቅዝ ጠርሙስ ዕድሜ የለውም። በምልክቱ ላይ የሚጻፈው ዓመት ፍሬው የተለቀመበት የፈረንጆች ዓመት ነው፤ 2020 የሚል ጠርሙስ በእኛ አቆጣጠር የ2012 ወይም የ2013 ምርት ነው። አብዛኛው የዕለት ተዕለት ቀይ ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ማስቆየት ያሻሽለዋል ብለው ለልጅ ሠርግ አያስቀምጡት።

ደረጃ ሁለት፦ ማሳረፍና ሙቀቱን ማስተካከል

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ እስከ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ወይን አይጎዳም፤ የሚጎዳው ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የኋላ ኮፈን ነው። ጠርሙሱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከወንበር ሥር ያኑሩት፤ ቤት ሲደርስም አንድ ቀን ያሳርፉት። አተላ የያዘ ጠርሙስ ከሆነ አቁመው ያሳርፉት፤ ለሳምንታት የሚቆየውን ግን ቡሹ እንዳይደርቅ ያጋድሙት።

የደጋ ሰው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር ወይም በመንዝ መሐል ሜዳ ግድግዳው ወፍራም የሆነ፣ ፀሐይ የማያገኘው ጓዳ ሌሎች ብዙ ገንዘብ አውጥተው የሚሠሩትን ቀዝቃዛ የወይን ማስቀመጫ ይተካል። ማስቀመጫው ሙቀቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሆኖ ከቀን ወደ ሌሊት ብዙ ካልተለዋወጠ በቂ ነው። ምድጃ አጠገብና ፍሪጅ አናት ላይ ማስቀመጥ ግን አይገባም፤ የፍሪጅ አናት ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣልም።

ለመጠጥ የሚፈለገው ሙቀት ለሜርሎ ከ15 እስከ 16፣ ለሲራና ለካቤርኔ ከ16 እስከ 18፣ ለጣፋጩ ቀይ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በመዳፉ ይለካል። ጠርሙሱ ሲያዝ ቀዝቀዝ ብሎ እጅ ግን የማያደነዝዝ ከሆነ ደርሷል፤ ጣት የሚያሳምም ከሆነ ገና ነው፤ ምንም ቅዝቃዜ የማይሰማ ከሆነ አልፏል።

በደጋው ቤት የሚያስፈልገው ማሞቅ ነው። ሰፊ ሳፋ ውስጥ እጅ ሲነከር ለብ የሚል፣ 30 ዲግሪ ያህል የሆነ ውሃ ይሙሉና ጠርሙሱን ሳይከፈት እስከ ትከሻው ያቁሙበት። ስምንት ወይም ዐሥር ደቂቃ ያህል ሲቆይ፣ በየመካከሉም ቀስ ብሎ ሲዞር፣ 10 ዲግሪ የነበረው ወይን ወደ 16 ይጠጋል። የፈላ ውሃ መጠቀም፣ ከከሰል ምድጃ ዳር ማስጠጋት፣ ከሁሉም የባሰው ደግሞ ማይክሮዌቭ ውስጥ ማስገባት ከጠርሙሱ ግድግዳ አጠገብ ያለውን ወይን ቀቅሎ መሐሉን ቀዝቃዛ ይተወዋል። ጊዜ ካለ ግን ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ጠርሙሱን ወጥ በሚሠራበት ቤት፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጎ፣ ከእንግዶቹ መምጣት ሁለትና ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ማቆየት ነው።

በቆላው ቤት፣ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በአጣዬ፣ ሥራው ተቃራኒው ነው። 28 ዲግሪ የሆነ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ችኮላ ካለ በባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ እኩል አድርገው አንድ እፍኝ ጨው ይጨምሩበት፤ ጨው በረዶውን ቶሎ ስለሚያቀልጠውና የውሃውን ሙቀት ስለሚያወርደው ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል። በረዶ ብቻውን ያለ ውሃ ብዙ አይሠራም፤ ጠርሙሱን የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ነውና። መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ ጠርሙሱን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥላና ነፋስ ባለበት በረንዳ ላይ ማቆም ይረዳል፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በረዶ ብርጭቆው ውስጥ መጨመር ግን ወይኑን ያቀጥነዋል።

ደረጃ ሦስት፦ ቤቱንና ብርጭቆውን ማዘጋጀት

ወይን በአብዛኛው የሚቀመሰው በአፍንጫ ነው። የበዓል ቀን ቤት ደግሞ በራሱ መዓዛ የተሞላ ነው፤ ቁሌቱ፣ ዕጣኑ፣ የሚቆላው ቡና፣ ቄጠማው፣ የተቀቡት ቅቤ ሁሉም በአንድነት ይሸታሉ። እነዚህን ከበዓል ቤት ማስቀረት አይቻልም፤ ማስቀረትም አያስፈልግም። የሚሻለው ቅደም ተከተል ማበጀት ነው። ወይኑን በጥሞና መቅመስ የሚፈልግ ሰው ቡናው ከመቆላቱና ዕጣኑ ከመጨሱ በፊት፣ ከወጥ ቤቱ ራቅ ብሎ ይቅመስ። ለገበታ ሲቀርብ የሚመጣውን ጢስ መቀበል ነው፤ ቡናው ግን ከወይኑ በኋላ ይምጣ።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ ባለ እግር ቢሆን ይመረጣል፤ እግሩን ይዞ መጠጣት ወይኑን ከእጅ ሙቀት ይጠብቀዋል፤ በደጋ ብርድ ግን ሆዱን በመዳፍ አቅፎ ማሞቅም ይቻላል። ብርሌ ለጠጅ እንጂ ለወይን አይሆንም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አይገባበትም፣ ወይኑም እንደ ልብ አይሽከረከርበትም። ባለ እግሩ ከሌለ ንጹሕ የውሃ ብርጭቆ ይበቃል። ቁም ሣጥን ውስጥ ተደፍቶ የከረመ ብርጭቆ የእንጨት ጠረን ስለሚይዝ በሙቅ ውሃ ያለ ሳሙና ይለቅለቅ፤ ከዚያም ውስጡን አሽትተው ምንም የማይሸት መሆኑን ያረጋግጡ።

ደረጃ አራት፦ መክፈት

የአንገቱን ሽፋን ከከንፈሩ በታች ባለው እብጠት ሥር ዙሪያውን በቢላ ቆርጠው ያንሡና አፉን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። የቡሽ መክፈቻውን ጫፍ ቡሹ መሐል ላይ ይትከሉ፤ ጠርሙሱ ቀጥ ብሎ ሳይንቀሳቀስ መክፈቻው ብቻ ይዙር። አንድ ዙር የሚሆን ጠመዝማዛ ከላይ ሲቀር ያቁሙ፤ እስከ መጨረሻው ከዘለቀ ቡሹን በታች በኩል በስቶ ፍርፋሪ ይጥላል። ሲወጣም በዝግታ ይሳብ፤ የጠጅ ቤት ሞቅታ የመሰለ የፍንዳታ ድምፅ እዚህ አያስፈልግም።

ቡሹ መሐሉ ላይ ከተሰበረ መክፈቻውን ዘወር አድርገው በሰያፍ እንደገና ይትከሉት። ያም ካልሆነ የቀረውን በማንኪያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፍተው ወይኑን በታጠበ ስስ ሻሽ አጥልለው ወደ ጆግ ይገልብጡት፤ ወይኑ ምንም አይሆንም። ወጣት ካቤርኔን ወይም ሲራን ደግሞ ቡሹ ባይሰበርም ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ወደ ጆግ ገልብጦ አየር ማስነካት ያለዝበዋል። ጠርሙሱን ከፍቶ ብቻ ማቆየት ግን፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ፋይዳው ትንሽ ነው፤ በጠባቡ አንገት የሚገባው አየር ከሳንቲም ስፋት አይበልጥም።

ደረጃ አምስት፦ መቅመስ

ጥቂት፣ የብርጭቆውን ሲሶ ያህል፣ ይቅዱና በታጠበ ነጠላ ወይም በነጭ ወረቀት ላይ ብርጭቆውን አጋድለው ጠርዙን ይመልከቱ። ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላ ጠርዝ የወጣትነት፣ ወደ ሸክላ ቀለም የሚያደላው ደግሞ የዕድሜ ምልክት ነው። ገና ወጣት የሆነ ወይን ቡናማ ሆኖ ከተገኘ አየር ወይም ሙቀት ጎድቶታል። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ እንደ ዕንባ የሚወርደው ጠብታ ስለ አልኮሉ ይናገራል እንጂ ስለ ጥራቱ አይናገርም።

በመቀጠል ብርጭቆውን ሳያንቀሳቅሱ አንድ ጊዜ ያሽትቱ፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሦስት አራት ጊዜ አሽከርክረው እንደገና ያሽትቱ። ሁለቱ ሽታዎች ይለያያሉ፤ ሁለተኛው የበለጠ ይከፈታል። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚቸገሩት ያሸተቱትን በምን ስም እንደሚጠሩት ነው፤ የውጭ መጻሕፍት የሚዘረዝሯቸውን ፍሬዎች በልቶ የማያውቅ ሰው በሰው አገር ፍሬ መዓዛ መለካት አይችልም። ስለዚህ በሚያውቁት ይሰይሙ። ሜርሎ ላይ የበሰለ አጋም ወይም ፕሪም ይፈልጉ፤ ሲራ ላይ ቁንዶ በርበሬ፣ ጢስና ቆዳ፤ በእንጨት በርሜል የቆየ ከሆነ ደግሞ ቅርንፉድ ወይም የተቆላ ነገር ጠረን ይኖረዋል። የዘቢብ መዓዛ ጎልቶ ከወጣ ፍሬው ተክሉ ላይ አብዝቶ በስሏል። ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ ስለሚዘጋጅ፣ ይህን ጠረን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ሰዎች እንደ ጥሩነት ይቆጥሩት ይሆናል፤ ለጣፋጭ ወይን ያምርበታል፣ ለደረቁ፣ ማለትም ጣፋጭነት ለሌለው ወይን፣ ግን ድካም ነው።

የብልሽት ጠረኖችን ለይቶ ማወቅ ከመልካሞቹ ይልቅ ይጠቅማል። ዝናብ የመታው ካርቶን ወይም እርጥብ ጆንያ የሚሸት ወይን ቡሹ አበላሽቶታል፤ አይድንም። አቼቶ አቼቶ የሚል ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ከሆነ ወደ ኮምጣጤነት እየተለወጠ ነው። የክብሪት ወይም የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው ግን ተስፋ አይቆረጥበትም፤ ወደ ጆግ ተገልብጦ ሩብ ሰዓት ሲቆይ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

አሁን ትንሽ ይጎንጩና ወይኑን በአፍ ውስጥ ያዙሩት፤ ከንፈር ገርበብ አድርጎ ጥቂት አየር መሳብም መዓዛውን ወደ አፍንጫ ያወጣዋል። አራት ነገሮችን ተራ በተራ ይጠይቁ። ምራቅ ከጉንጭ ሥር ከመጣ ኮምጣጣነቱ ነው። ድድና ምላስ ከደረቁ፣ ያልበሰለ ሙዝ የበሉ ያህል ከተያዙ፣ ታኒኑ ነው። ጉሮሮ ላይ የሚያቃጥለው አልኮሉ ነው። አራተኛው ከዋጡ በኋላ ጣዕሙ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው፤ ከአምስት ሰከንድ በታች የሚጠፋ ቀላል፣ ዐሥርና ከዚያ በላይ የሚቆይ ጥሩ ወይን ነው ብሎ መያዝ ለመነሻ ያገለግላል። ከአራቱ አንዱ ብቻውን ጎልቶ ሌሎቹን ካልዋጠ ወይኑ ሚዛኑን የጠበቀ ነው። አንዱ ከጎላ ግን ወደ ፍርድ ከመሄድ በፊት ጠርሙሱን በመዳፍ ይንኩት፤ ድርቀቱ ከቅዝቃዜ፣ ማቃጠሉም ከሙቀት ሊሆን ይችላልና።

ባለሙያዎች የቀመሱትን ይተፋሉ። እኛ ዘንድ በገበታ ፊት መትፋት ነውር ስለሆነ፣ ከአንድ በላይ ጠርሙስ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ይህን እንግዳ ሳይመጣ በጓዳ ይጨርስ።

ደረጃ ስድስት፦ ከምግቡ ጋር ማጣመር

ስለ ወይንና ምግብ የተጻፈው አብዛኛው ነገር በርበሬን አያውቅም፤ እኛ ግን መጀመር ያለብን ከእሱ ነው። በበርበሬና በሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን አፍን የሚያቃጥልበትን ስሜት አልኮል ያባብሰዋል፤ ቃጠሎው ደግሞ በተራው የታኒኑን ድርቀትና ምሬት ያጎላዋል። በዚህ የተነሣ ውድ የሆነውን ካቤርኔ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የሚያቀርብ ሰው ወጡንም ወይኑንም ይጎዳል። ለዶሮ ወጥ የሚስማማው ታኒኑ ያነሰ፣ ፍሬው የበዛ፣ ከተለመደው ቀዝቀዝ ብሎ በ14 ዲግሪ ገደማ የቀረበ ሜርሎ ነው፤ ከዚያም ይልቅ በደንብ የቀዘቀዘ አክሱማይት፣ ጣፋጭነቱ ቃጠሎውን ስለሚያበርደው። እንቁላሉንና አይቡን ከወይኑ ጋር፣ ድልሁን ከውሃ ጋር ማድረግም አንድ ዘዴ ነው።

የሰሜን ሸዋ ገበታ ለቀይ ወይን የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ የመንዝ በግ አልጫ ነው። ምክንያቱን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ታኒን በምራቅ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ሲጣበቅ ነው አፍ የሚደርቀው፤ ሥጋና ስብ አፍ ውስጥ ሲኖሩ ግን ታኒኑ ከእነሱ ጋር ይጣበቅና ወይኑ ይለሰልሳል፣ ስቡም በተራው ከምላስ ላይ ይጠረጋል። የመንዝ በግ ላቱ የሰባ ነው፤ አልጫው በእርድ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ እንጂ በበርበሬ አይሠራም። እንግዲህ ያን ዶሮ ወጥ ላይ የሚገዳደረውን ካቤርኔ እዚህ ያውጡት። ከጎድኑ የተቆረጠ፣ ላት የተጨመረበት ሥጋ በዝግታ እስኪላላ ከተቀቀለ በኋላ ጨዉ በቂ መሆኑን ይቅመሱ፤ ጨው ምሬትን ስለሚሸፍን ጨው ያነሰው አልጫ ወይኑን ሻካራ ያደርገዋል። መጀመሪያ ጉርሻ፣ ከዚያ ጉንጭ፣ ከዚያ እንደገና ጉርሻ፤ በሁለተኛው ጉንጭ ላይ ወይኑ የተለወጠ ይመስላል። ቅቅልም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

ጥብስ ለሲራ ነው፤ በተለይ የጥብስ ቅጠል ገብቶበት በሸክላ ላይ ጢስ ጢስ እያለ የመጣ። አዋዜው ለብቻ ይቀመጥ። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ከካቤርኔም ከሲራም ይስማማሉ፤ ግን ሚጥሚጣው ከሥጋው ጋር ተለውሶ ሳይሆን ዳር ላይ ለፈለገ ብቻ መቅረብ አለበት። ዱለት አስቸጋሪ ነው፤ የጉበቱ ጣዕም በደረቅ ቀይ ወይን ሲነካ ብረት ብረት ይላል። ዓሣም እንዲሁ፤ በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ከዓሣው ቅባት ጋር ሲገናኝ መጥፎ ጠረን ይፈጥራልና በነጭ ወይን ይለወጥ። ስናፍጭ የገባበትን አዚፋ ከየትኛውም ወይን ጋር ማስታረቅ አይቻልም፤ ለጠላ ይተዉለት።

የእንጀራው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እንጀራ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ ወይኑን ከነበረበት ያነሰ ኮምጣጣ አስመስሎ ያቀርበዋል፤ ሕይወት የሌለው፣ ለጥ ያለ ወይን ከቆየ እንጀራ ጋር ሲቀርብ ውሃ ይሆናል። ስለዚህ ለወይን ገበታ ብዙ ያልኮመጠጠ፣ በማግስቱ ሳይሆን በዕለቱ የተጋገረ የምንጃር ነጭ ጤፍ እንጀራ ይመረጣል፤ ድፎ ዳቦ ደግሞ ከዚያም ይሻላል። በጾም ቀን ሽሮ፣ ምስር አልጫና የሽንብራ አሳ ከሜርሎ ጋር ይሄዳሉ። ሆኖም አንዳንድ አምራቾች ቀይ ወይንን ለማጥራት የእንቁላል ነጭ ስለሚጠቀሙ፣ ጾሙን አጥብቆ የሚይዝ እንግዳ ይህን አውቆ ቢወስን መልካም ነው።

ከሌሎች መጠጦች ጋር ያለው ተራም ለውጥ ያመጣል። ጠጅ ቀድሞ ከተጠጣ የማሩ ጣፋጭነት ምላስ ላይ ስለሚቀር ደረቁ ወይን ኮምጣጤ ይመስላል፤ አረቄ ቀድሞ ከሆነ ደግሞ አፍ ስለሚደነዝዝ ምንም አይታወቅም። ወይኑ ይቅደም፣ ጠጁ ይከተል፤ አረቄ የሚወድ ሰውም ከምግብ በኋላ ይጠጣ።

ደረጃ ሰባት፦ በገበታ ላይ መቅዳት

አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ስድስት ጊዜ 125 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ ለስምንት እንግዳ ሁለት ጠርሙስ ማዘጋጀት ለአንዳንዱ እንዲደገምለት ይበቃል። ችግሩ እዚህ ላይ የባህል ነው። ጠላ እስኪፈስ ተሞልቶ በሚቀዳበት ቤት ሲሶ የተቀዳ ብርጭቆ ንፍገት ይመስላል። ይህን ለአባወራውም ለአሳላፊውም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አሳላፊው «እደግማለሁ፣ መዓዛው እንዲወጣ ነው» ቢል ማንም ቅር አይለውም፤ ብርጭቆውም ባዶ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ይጎብኝ።

የቀድሞ አሳላፊ ጠጅ ሲያቀርብ በመዳፉ ጥቂት አፍስሶ ራሱ ይቀምስ ነበር። ለወይንም ይኸው ሥርዓት ይሠራል፤ ጋባዡ መጀመሪያ ለራሱ ጥቂት ቀድቶ ይቅመስ፣ ቡሽ ያበላሸው እንደሆነ ለእንግዳ ሳይደርስ ይያዛል። ከዚያ ቄሱ ወይም በዕድሜ የገፉት ይባርኩና ከእነሱ ጀምሮ ይቀዳ። አሳላፊው ጠርሙሱን ቀና ሲያደርግ በእጁ ጥቂት ቢጠመዝዘው ጠብታው ዳንቴሉ ላይ አይወርድም፤ አተላ ያለበት ጠርሙስ ከሆነ የመጨረሻውን ሁለት ጣት ያህል ይተወው።

«በሞቴ» ማለት ለጉርሻ ይሁን። ባለ 13 ወይም 14 በመቶ አልኮል ወይን ላይ መማጸን አይገባም፤ በተለይ ማታ ጉም በሚወርድበት የጣርማ በር መንገድ የሚነዳ እንግዳ እንቢ ሲል አንድ ጊዜ መስማት ይበቃል። ውሃ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ይቀመጥ።

ደረጃ ስምንት፦ የተረፈውን መያዝ

የተረፈው ወይን ትልቁ ጠርሙስ ውስጥ ከነአየሩ ከሚያድር፣ በሚገባ ታጥቦ በደረቀ ትንሽ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ እስከ አፉ ተሞልቶ ቢከደን ይሻላል። ፍሪጅ ውስጥ፣ በደጋውም በቀዝቃዛው ጓዳ፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ሲፈለግ እንደገና ለብ ባለው ውሃ ሳፋ ይሞቃል። ጣፋጩ ከዚህ ትንሽ ይበልጥ ይቆያል።

ከሦስት ቀን ያለፈው፣ አቼቶ ካልሸተተ፣ ለወጥ ቤት ነው። ለአንድ ኪሎ የበግ ወይም የበሬ ሥጋ አንድ የሻይ ብርጭቆ ወይን ሽንኩርቱ በስሎ ሥጋው ከገባ በኋላ ይጨመራል፤ ክዳኑ ተነሥቶም የአልኮሉ ጠረን እስኪጠፋ ይንተክተካል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ሥጋው እንዲላላ አዲስ አበባ ከለመዱት የበለጠ ጊዜ ይስጡት።